የሳንባው የፊት ጥርስ

ሰፈሩ እናቱ ያወጣችለትን ስም ከረሳው ቆይቷል፤ ሳንባው ነው የሚለው። ፊት ለፊት ሲያገኙት «ጋሼ»፣ ጀርባውን ሲሰጥ «ሳንባው»። እሱም ያውቃል። ያውቃልና ደስ ይለዋል፤ ደስ እንዳላለው ለማስመሰል ግን ግንባሩን ይቋጥራል። በከተማው ማርሽ ባንድ አንደኛ ትራምፔት ነፊ ነው። ፀጉሩ ጥቁር ሳለ የያዘውን የፊት ወንበር ፀጉሩ ነጭ ሆኖም አልለቀቀውም። አንድ ድምፅ ይዞ ሲቆም ሴቶች ልብስ አስጥተው ይጨርሳሉ ይባላል። ውሸት ነው። ያ ደረት ሲነፋ ያየ ሰው ግን ውሸት ነው ለማለት አፉ አይታዘዝለትም። ልብስ ሰፊው ሸሚዝ ሊለካው ሜትሩን ይዞ በዙሪያው ሲዞር «መንገዴ ሩቅ ነው፣ ስንቅ ቋጥሩልኝ» ይል ነበር አሉ።

ኩራቱ ደግሞ ልክ የለውም። ትራምፔቱን የሚወለውለው እንደ ሰው ጓዳ ሆኖ አይደለም፤ መስኮት ላይ ቁጭ ብሎ ነው፣ ያውም መጋረጃውን ሰብስቦ። ፀሐይዋ ናሱ ላይ አርፋ የመንገደኛውን ዓይን ስትወጋ «ምን ላርግ፣ ያበራል» ይላል። ጡረታ የሚባል ነገር የሚያነሳበት ሰው ከተገኘ መልሱ ሁሌም አንድ ነው። «ከዚያ ወንበር እኔ ራሴ እነሳለሁ እንጂ ማንም አያነሳኝም።»

እንግዲህ ይሄ ከማንም የማይሸሽ ሰው ከሎሚ ይሸሻል። ነገሩ የመጣው ከጎረምሳነቱ ነው። በአንድ ትልቅ ሰልፍ ላይ ማርሽ ባንዱ አደባባይ ቆሞ ሲነፋ፣ አንዱ ቀልደኛ ከሕዝቡ መሐል ወጣና ፊት ለፊቱ ቆሞ ሎሚ ገምጦ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ከንፈሩን እያሞጠሞጠ ይመጥጥ ጀመር። ሎሚ ሲመጠጥ ያየ አፍ ምራቅ እንዳያቀርር ማን ይከለክለዋል? የሳንባው አፍ ውሃ ሞላ። ትራምፔቱ እንደ ተበላሸ ቧንቧ ቡልቅ ቡልቅ አለ። ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ። ያን ቀን ቤቱ ገብቶ ማለ፤ ጎምዛዛ የሚባል ነገር ዳግመኛ በዚህ ከንፈር አያልፍም አለ።

መቼም ነፊ ሁሉ ሎሚን ይፈራል፤ ልምምድ ክፍል ሎሚ ይዞ መግባት ነዳጅ ማደያ ክብሪት ይዞ እንደመግባት ነው። የሌሎቹ ፍርሃት ግን እዚያው በር ላይ ያበቃል፤ ቤታቸው ገብተው የፈለጉትን ይበላሉ። ሳንባው ነገር ከያዘ ያጠብቃል። ከሎሚ ጀምሮ ብርቱካን ጨመረ፤ ከብርቱካን ወደ ቲማቲም፣ ከቲማቲም ወደ ቃሪያ፣ ከቃሪያ ወደ ጥቅል ጎመን። ጭማቂ ያለው ነገር ሁሉ ከንፈር ያላላል ብሎ ፈረደበት። አውቶቡስ ውስጥ አጠገቡ ብርቱካን የምትልጥ ሴት ካለች ቤቱ ሳይደርስ ይወርዳል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ።

ሚስቱ፣ ነፍሷን ይማርና፣ አጠር ያለች፣ ድምጿ ከጓዳ የማይወጣ ሴት ነበረች። ሰው «ምስኪን» ይላት ነበር። «እሺ» እያለች የልቧን የምትሠራ ሴት ምስኪን ከተባለች ቀበሮም ምስኪን ናት። ጠዋት ጠዋት ለባሏ አንድ ብርጭቆ ታቀርብለታለች፤ የትንፋሽ መጠጥ ነው ትለዋለች። ከእናቷ የተማረችው የሥር መድኃኒት ነው፣ ሥሩ በስሙ ከተጠራ ኃይሉን ያጣል ብላዋለች። ዝንጅብል ዝንጅብል ይላል፣ ይጣፍጣል። እሱም መስኮቱ ፊት ቆሞ፣ ደረቱን ነፍቶ ጭልጥ ያደርገዋል። ጓዳ ገብቶ ምን ከምን እንደሚቀላቀል ማየት ለእንዲህ ያለ ደረት አይመጥንም።

ልምምድ ክፍል ሲደርስ ደግሞ ይጎርርበታል። ይሄ ሳንባ እንዲሁ በባዶ የመጣ እንዳይመስላችሁ ይላቸዋል። ሁለተኛው ትራምፔት ነፊ፣ ዕድሜውን ሁሉ ከእሱ አንድ ወንበር ዝቅ ብሎ ስለተቀመጠ ጥላው የሚሉት፣ ቀጭን፣ ሰው አክባሪ ነው። «ጋሼ፣ ለኔም አንድ ጉንጭ» እያለ ስንቴ ለመነው። ሳንባው ወይ ፍንክች። የሚስቴ ቤት ምስጢር ነው ይላል፤ ምስጢሩን እሱም እንደማያውቀው ግን አይናገርም።

ሚስቲቱ አንድ ሳምንት ታማ አረፈች። ሳንባው በቀብሩ አላለቀሰም፤ ቀጥ ብሎ ቆመ። ያለቀሰው ከለቅሶው በኋላ ነው ይላሉ፣ ማንም ሳያየው፤ ማንም ካላየው እንዴት ታወቀ አትበሉኝ፣ ግድግዳው ስስ ነው።

ከግቢው ማዶ የምትኖረው ታላቅ እህቱ ምግብ እየሠራች ላምጣልህ አለችው። እምቢ አለ። አንዴ ሁለቴ ብታመጣለት ክዳኑን ከፍቶ ቲማቲም አለበት፣ ጎመን አለበት እያለ ሳህኑን እንዳለ መለሰላት። እኔ ለራሴ አላንስም አለ። ለራሱም ያልኩትን አደርጋለሁ ብሎ ማብሰል ጀመረ፣ ማብሰል ከተባለ። ጠዋት ዳቦ በሻይ። ምሳ የተቀቀለ መኮሮኒ። ማታ ዳቦ በፈላ ወተት፤ ሲያምረው እንቁላል ይቀቅላል። የትንፋሹ መጠጥ ከሚስቱ ጋር አብሮ ተቀበረ። ሥሩን የሚያውቅ አለ ወይ ብሎ ሰው መጠየቅ ደግሞ እንዴት ብሎ፣ እሱን ያህል ሰው።

ወራት እየሄዱ ሲመጡ ሳንባውን ሳንባው እንደ ድሮው አልሆንልህ አለው። የልምምድ ክፍሉን ደረጃ ሲወጣ መሐል ላይ ቆሞ የጫማውን ክር የሚያስር ይመስላል፤ ጫማው ክር የሌለው ነው። እግሩን ይቆረጥመዋል። ቆዳው ሳይመታ ይበልዛል። ጎረቤት ክንዱን አይቶ «ሰውዬው መጠጥ ጀምሯል፣ ይወድቃል» ብሎ አስወራ። ጥርሱን ሲፋቅ ይደማል፤ ድዱ አብጦ እንደ በሰለ በለስ ጠቁሯል። ሳንባው ለሁሉም አንድ ስም ሰጠው፤ ሀዘን ነው አለ። ሰውም አመነው፤ ሀዘን ያልበላው ማን አለ።

አንድ ቀን ልምምድ ላይ ለብቻው የሚነፋበት ቦታ ደረሰ። ከተማው አዲስ አዳራሽ ሠርቶ ነበርና ለምርቃቱ የሚነፉትን ነው የሚለማመዱት፤ መሐሉ ላይ ሁሉም ዝም ብለው ሳንባው ብቻውን የሚነፋው አለ፣ መጨረሻው አንድ ረጅም ድምፅ ነው። ትራምፔቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ሲጫን የፊት ጥርሶቹ እንደ ላላ አጥር ወደ ኋላ ዘመም አሉ። ድምፁ ተሰነጠቀ። አውርዶ ሲያየው የትራምፔቱ አፍ ደም ሆኗል፤ አገጩም ላይ ወርዷል።

የባንዱ መሪ ልጁ የሚሆን ሰው ነው፤ ለብቻው ጠርቶ በለሰለሰ አፍ አናገረው። ጋሼ ትንሽ ይረፉ፣ እስኪሻልዎት ድረስ የብቻዎን ለጥላው እንስጠው አለው። ጥላው ራቅ ብሎ ቆሞ መሬት መሬት ያያል። ዓይኑ መሬት ላይ ነው፣ ከንፈሩ ግን ልምምድ ጀምሯል። ዕድሜውን ሁሉ ሲጠብቅ ለኖረ ሰው ማን ይፈርድበታል።

ሳንባው በዚያው ወደ ጥርስ ሐኪም ሄደ። ሐኪሙ የፊቶቹን አንድ በአንድ በጣቱ ነቀነቃቸው፤ ሁሉም ነቀነቁለት። ድዱ ይህን ያህል ከለቀቀ በኋላ አይቆዩም፣ ላይኞቹም ታችኞቹም ይነቀሉ፣ ሰው ሠራሽ እናስገባለን አለው። ለሦስት ሳምንት ቀጠረው።

እቤቱ ገብቶ ትራምፔቱን ከሳጥኑ ሳያወጣ ቁጭ አለ። እህቱ መጣች። ምን ሆነህ ነው አለችው።

«እትዬ፣ የፊት ጥርሴ ይነቀል ተባለ።»

«ይነቀላ። እኔስ ተነቅሎልኝ የለ፣ ሞትኩ?»

«አንቺ በጥርስሽ ወሬ ነው የምትነፊበት። እኔ ይሄን የማሳርፈው ጥርሴ ላይ ነው» አለና ትራምፔቱን አሳያት። «በተተከለ ጥርስ ሌላው ይነፋ ይሆናል፤ እኔ በዚህ ዕድሜዬ እንደገና ፊደል አልቆጥርም። ከወንበሬ እኔ ልነሳ ነበር ያሰብኩት እትዬ። ጥርሴ ሊያነሳኝ ነው።»

እህትየዋ መልስ ልትሰጠው አፏን ስትከፍት ዓይኗ እግሩ ላይ አረፈ። ሱሪው ከፍ ብሏል፤ ቅልጥሙ ላይ ቁስል አለ። ያ ቁስል ደግሞ አዲስ አይደለም። ልጅ ሳሉ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ወድቆ የተቆረጠው፣ እሷ በቀሚሷ ጨርቅ ያሰረችለት ቦታ ነው። ጠባሳ ሆኖ ዕድሜ ልኩን የኖረው አፉን ከፍቶ ተቀምጧል። እሷ ሀዘን አይታለች፤ ባል ቀብራለች፣ ወንድም ቀብራለች። የዳነ ጠባሳ የሚቀድ ሀዘን ግን አላየችም። «ተነስ» አለችው። እምቢ ሲል ትራምፔቱን ብብቷ ውስጥ አድርጋ ወጣች፤ እሱም ትራምፔቱን ተከትሎ ጤና ጣቢያ ደረሰ።

ሐኪሟ ትንሽ ሴት ናት፤ ነጩ ካፖርት ከትከሻዋ ሊወርድ ይላል። ሳንባው ሲያያት የምታክመው መስሎ አልታየውም። እሷ ግን ድዱን አየች፣ ብላዙን አየች፣ የቅልጥሙን ቁስል ጎንበስ ብላ ብዙ ጊዜ አየችው። ከዚያ ወንበሯን ስባ ተቀመጠችና ምን እንደሚበላ ጠየቀችው። ሁሉን እበላለሁ አለ። እህቱ ሳቀች። ዳቦ፣ ሻይ፣ መኮሮኒ፣ ወተት ብላ ዘረዘረችው፤ ሁሉ ማለት ይሄ ነው አለቻት።

«ፍራፍሬስ፣ አባቴ? አትክልትስ?»

«እኔ ሙዚቀኛ ነኝ» አለ ሳንባው፣ መልስ የሰጠ መስሎት።

የሎሚውን ታሪክ እህትየዋ ተረከችላት፤ ታሪክ ስትጀምር መቼም ማቆሚያ የላትም። ሐኪሟ አልሳቀችም። ጆሮዋን ሰጥታ ጨርሳ ሰማችና አስረዳችው።

«አባቴ፣ ሰውነት እንደ ልብስ የተሰፋ ነው። ቆዳው፣ ድዱ፣ የደም ሥሩ፣ አጥንቱ ሳይቀር በአንድ ዓይነት ክር ነው የተያያዘው። ክሩን ሰውነትዎ ራሱ ይፈትለዋል፤ አጥብቆ የሚያከረው ግን ቫይታሚን ሲ ነው። እሱ ሲጠፋ ክሩ ይላላል። የደም ሥሩ ያፈሳል፣ እሱ ነው ብላዙ። ድዱ ጥርሱን ይለቃል። የድሮ ጠባሳም ቢሆን አንዴ ተሰፍቶ የሚቀር አይምሰልዎት፤ ዕድሜ ልክ ሲታደስ የሚኖር ስፌት ነው። ክሩ ሲጠፋ ይተረተራል።»

ከእህል ውስጥ ለደም የሚሆነውን ብረት ለመውሰድም ይሄው ቫይታሚን ያግዛል አለች፤ መገርጣቱም ድካሙም አንዱ ከዚያ ነው። ሰው ደግሞ ይሄን ነገር በሰውነቱ መሥራት አይችልም። ውሻም ድመትም በጉበታቸው ይሠሩታል፤ እኛ ግን በአፋችን ካላስገባነው ከየትም አናመጣውም፣ ብዙ አጠራቅመን ማቆየትም አንችልም። እህትየዋ ይሄ ከነከናት። ታዲያ ከድመት አንሰናል ማለት ነው አለች። ሐኪሟ በዚህ በኩል አዎ አለቻት።

ብርቱካን፣ ዘይቱን፣ ፓፓያ፣ ቃሪያ፣ ቲማቲም፣ ጎመን ጥሬውን ብላ ተባለ፤ ብዙ ከተቀቀለ እሳቱና ውሃው ይወስዱታልና። ለጊዜው እንክብልም ሰጠችው። ደሙን ልካ አስመረመረች።

«ጥርሶቼስ?» አለ ሳንባው። እስካሁን የጠየቀው አንድ ጥያቄ ይሄ ነው።

«የላላው ድዱ ነው እንጂ ጥርሱ አልሞተም። ድዱ እስኪያገግም እንዳያስነቅሉ። ቃል ግን አልገባልዎትም።»

«ከንፈሬንስ አያላላውም?»

«ስለ ትራምፔት አላውቅም አባቴ። ስለ ድድ ነው የማውቀው» አለችው። ሊወጡ ሲነሱ ግን አንድ ነገር ከነከናት። ይሄ በሽታ ከጥቂት ወራት በላይ ሰው አይታገስም፤ ከጎረምሳነትዎ ጀምሮ ካልቀመሱ እንዴት እስከዛሬ ቆሙ ብላ ጠየቀችው። ሳንባው ደረቱን ነፋ አደረገ። ሳንባዬ ነው አላት። እሷም ሳንባ አይደለም አለች፤ ሌላ ምክንያት ግን አላገኘችለትም።

ከጤና ጣቢያው ሲመለሱ መንገዱ ጥግ ላይ አትክልትና ፍራፍሬ የምትሸጥ ሴት አለች። ጠረጴዛዋ ላይ በእጅ የሚጫን የብርቱካን መጭመቂያ አላት። እህትየዋ ወደዚያ ጎተተችው። ሳንባው ትንሽ ራቅ ብሎ መሐረቡን አፉ ላይ አድርጎ ቆመ። ሞት ካልቀረ ከዘይቱን ጀምሩልኝ የሚል ይመስላል። እህትየዋ ብርቱካንና ዘይቱን ስጭ፣ አንድ ብርጭቆም እዚሁ ይጠጣ አለች።

ሻጯ ሳንባውን ቀና ብላ አየችው። አወቀችው። ልትናገር አፏን ከፈተችና ዋጠችው። ሳትጠየቅ ዘይቱኑን ፈጭታ፣ ብርቱካኑን ጨምቃ፣ በወንፊት አጠለለች፤ አንድ ጊዜ አይበቃም ብላ እንደገና አጠለለች። ከትንሽ ዕቃ ዝንጅብል ጠብ አደረገችበት፣ ስኳር በተነችበት፣ አማስላ ሰጠችው።

ሳንባው ዓይኑን ጨፈነ። እልህ ምላጭ ያስውጣል ይባላል፤ ለጥርሱ ሲል ብርቱካንም ይውጣል። አንድ ጉንጭ ወሰደ። ከዚያ ቆመ። ዓይኑን ገለጠና ብርጭቆውን አየ፣ ሻጯን አየ፣ እንደገና ብርጭቆውን አየ። ሁለተኛ ጉንጭ ወሰደና ምላሱ ላይ አቆየው። እህትየዋ መረረህ ወይ ብትለው አልሰማትም። ተገልብጦ ካለ ሳጥን ላይ ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

«ይሄ የማን ነው?» አለ።

«የሚስትዎ ነዋ ጋሼ» አለች ሻጯ። «ሌላ የማን ይሆናል።»

ከዚያ አፏ ተከፈተ። ሚስቲቱ ሲነጋጋ፣ እሱ ሳይነሳ፣ ክዳን ያለው ጠርሙስ በነጠላዋ ስር ይዛ ትመጣ ነበር። ሁለቴ አጥልይልኝ ትላለች፣ የዘይቱን ፍሬ ከጥርሱ ስር ከተገኘ ጉዴ ፈላ እያለች። ዝንጅብሉም የእሷ ብልሃት ነው፣ የብርቱካኑን ሽታ ይሸፍናል ብላ። ያን ሁሉ ዓመት ወይ ዝናብ ወይ ብርድ አስቀርቷት አያውቅም። ሻጯ ለምን ፊት ለፊት አትነግሪውም ብትላት፣ እሱ ሲኮራ ደስ ይለኛል፣ ኩራቱን ለምን ብዬ እነካበታለሁ ብላታለች። ለእህቱም እንዳትናገሪ፣ እሷ ወሬ አይቋጠርላትም ብላ አስምላታለች። እህትየዋ ይሄን ስትሰማ ትንሽ ቅር አላት፤ እውነት ግን ነው።

ሌላ ወንድ ቢሆን ያፍር ነበር። ዕድሜ ልኩን ሎሚ ፈርቶ ብርቱካን ሲጠጣ ለኖረ ሰው አንገት መድፋት ይገባዋል። ሳንባው ግን ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ እህትየዋ አለቀሰ ብላ ጎንበስ ስትል እየሳቀ ነው። እንባውም እየወረደ ነው፣ ሳቁም አለ፤ የትኛው የትኛውን እንደቀደመ አልታወቀም። ብርጭቆውን ጨልጦ ተነሳ፣ ደረቱን ነፋ፣ መንገደኛው እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አደረገ።

«ይሄን ደረት የሠራችው ሚስቴ ናት። ያውም እኔን አታልላ። እኔን የምታታልል ሴት እስቲ ሌላ አምጡ።»

ከዚያን ቀን በኋላ ያገኘውን ሰው ሁሉ አቁሞ ያወራ ጀመር። ከትራምፔቱ ይልቅ በሚስቱ ሆነ የሚጎርረው። ጠዋት ራሱ ብርጭቆውን ይዞ ሻጯ ዘንድ ይሄዳል፤ ነገርን ሲይዝ ያጠብቃል አላልኳችሁም? ቀን ላይም ይደግማል፣ ማታም። በደጋገመ ቁጥር ሽንት ቤት ተመላለሰ። ሐኪሟ ሳቀችበት። አባቴ፣ ሰውነትዎ የሚበቃውን ይይዛል፣ ትርፉ በሽንት ይወጣል፤ ይህን ያህል መሮጥ አያስፈልግም አለችው።

ብላዙ ቢጫ ሆነ፣ ከዚያ ጠፋ። የቅልጥሙ ቁስል ጠርዙን ሰበሰበ። ድዱ እብጠቱ ጎድሎ እንደ ሕፃን ድድ ቀላ። ጠዋት ጠዋት በጣቱ ጥርሶቹን ይነካካል፤ አንድ ቀን ሲገፋው አልገፋ አለው። የጥርስ ሐኪሙ ዘንድ በቀጠሮው ቀን ሄዶ አፉን ከፈተለት። ሐኪሙ ነቀነቀ፣ ደግሞ ነቀነቀ። እስቲ እንጠብቅ አለና ጉጠቱን ወደ ቦታው መለሰው። ከሌላ ሳምንት በኋላ ሲያየው ጭራሽ ሂድ አለው።

በዚህ መሐል ጥላው ሊጠይቀው መጣ። በሩ ላይ ቆሞ ኮፍያውን ያሽከረክራል። ጋሼ፣ እኔ ወንበሩን አልሰረቅሁም አለ። ሳንባው ግባና ተቀመጥ አለው፤ ወንበር አይሰረቅም፣ ይከብዳል አለው። ከዚያ ለስንት ዓመት የተለመነውን ብርጭቆ ቀዳለት። ጥላው በሁለት እጁ ተቀብሎ እንደ ጸበል ቀመሰው። ፊቱ ተቀያየረ።

«ጋሼ፣ ይሄ ዘይቱንና ብርቱካን አይደለም እንዴ? እኔ ቤት ልጆቹ ሁሌ የሚጠጡት?»

«ነው» አለ ሳንባው። «ሚስቴ ካልጨመቀችው ግን አይሠራም።» ሁለቱም ሳቁ። ጥላው ሲወጣ ግን ሳንባው ከበሩ መለሰው። በመጨረሻው ልምምድ ሁለታችንም ለብቻችን እንነፋለን፣ መሪው ይምረጥ አለው። ስላዘነልኝ እንዳይሰጠኝ፣ ስለፈራኝም እንዳይሰጠኝ።

ያን ሳምንት ሰፈሩ አልተኛም፤ ሳንባው ከንፈሩን ሊያበረታ ሲነፋ ይውላል። መጀመሪያ ድምፁ እንደ ተረገጠ ዝይ ነበር። ሰው ጆሮውን ይዞ ታገሰው። የልምምዱ ቀን መጀመሪያ ጥላው ነፋ፤ ንፁህ አድርጎ ነፋ፣ ማንም የሚያወጣለት እንከን የለም። ሳንባው ቀጥሎ ቆመ። እሱ አንድ ቦታ ላይ ትንሽ ተንሸራተተ። ግን መጨረሻ ላይ ያን ረጅም ድምፅ ሲይዘው የመስኮቱ መስታወት መንጫረር ጀመረ። መሪው ብዙ አላሰበም። «የጋሼ ነው» አለ። ጥላው ቀድሞ አጨበጨበ።

የምርቃቱ ቀን አዲሱ አዳራሽ አፍ እስካፉ ሞልቷል። ቀለሙ ገና ይሸታል። እህትየዋ ከፊት ተቀምጣለች፤ ቦታ ያዥ ሳትልክ እንዴት ፊት እንዳገኘች የእሷ ጉዳይ ነው። ሳንባው ከወንበሩ ተነሳ። ትራምፔቱን ከንፈሩ ላይ ሲያደርግ መጀመሪያ ያሰበው ስለ ሕዝቡ አይደለም፤ ስለ ጥርሶቹ ነው። ጫን አለ። ያዙ። ጥሩ እንጨት ላይ እንደተመታ ምስማር ያዙ። ከዚያ ወዲያ ጥርስ እንዳለውም ረሳ።

ነፋ። ከፍ አለ፣ ዝቅ አለ፣ ዞረ። መጨረሻው ደረሰና ረጅሙን ድምፅ ያዘ። ሰው መጀመሪያ አዳመጠ፤ ቀጥሎ ተያየ፤ ቀጥሎ መጨነቅ ጀመረ። እህትየዋ አብራው ትንፋሿን ይዛ ኖሮ ዓይኗ ፈጥጦ ቀድማ ለቀቀች። እሱ አልለቀቀም። ድምፁ ሳይንቀጠቀጥ፣ ሳይሳሳ፣ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ እሱም ከድምፁ ጋር ቀጥ ብሎ ቆመ። ሲበቃው፣ ሲበቃው ብቻ፣ አቆመ። የአዳራሹ ጣሪያ በጭብጨባ ሊነሳ ደረሰ። ሳንባው ትራምፔቱን አውርዶ አፉን ተመለከተው። ናሱ ላይ የከንፈሩ እርጥበት ብቻ ነው ያለው። ያኔ ሳቀ፣ ጥርሶቹን በሙሉ አሳይቶ።

በማግስቱ ልምምድ ሁሉም እየተንጠባጠቡ ሲገቡ ሳንባው ቀድሟቸው ተቀምጧል። የተቀመጠው ግን ሁለተኛው ወንበር ላይ ነው። ጥላው ገባና በልማዱ ወደ ወንበሩ ሄዶ የሳንባው ጭን ላይ ሊቀመጥ ምንም አልቀረውም። ዞር ቢል የፊቱ ወንበር ባዶ ነው። ትራምፔቱን ይዞ መሐል ላይ ተገትሮ ቀረ። መሪው ምነው ጋሼ፣ ቅር ያሰኘዎት ነገር አለ ወይ አለው።

«ያልኩትን ነው ያደረግሁት» አለ ሳንባው። «ጥርሴ አላነሳኝም፣ አንተም አላነሳኸኝም። እኔ ተነሳሁ።» ወደ ጥላው ዞረ። «አንተ ደግሞ ተቀመጥ እንጂ፣ ወንበሩ አይናከስም።»

ጥላው ተቀመጠ፤ ሲቀመጥ ግማሽ ቂጡን ብቻ ነው ያሳረፈው። መሪው ዱላውን አነሳ፣ ባንዱ ጀመረ። ገና ብዙ ሳይነፉ መሪው ፊቱን አኮማትሮ እጁን አወዛወዘና አስቆማቸው።

«ሁለተኛው ትራምፔት፣ እባክዎ፣ ትንሽ ዝቅ።»